አሜሪካዊቷ ቡሬ

ሰሞኑን አከራዬ የግቢውን በር አስቀቡ። ወልድያ ውስጥ የምኖርባት ክፍል ከበሩ አጠገብ ስለሆነች፣ ጠዋት ስነሳ የዘይት ቀለምና የናፍጣ ሽታ በስንጥቁ ገብቶ ክፍሏን ሞልቶ ጠበቀኝ። ሌላው ተከራይ ሁሉ ደስ አለው፤ "ቤቱ በዓል በዓል ሸተተ" ተባባለ። እኔ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አፍኜ ወጣሁና ሥራ መግቢያዬ እስኪደርስ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ አረፈድኩ። ማታ አከራዬ "ምን ሆንሽ ልጄ፣ አስም አለብሽ እንዴ?" ሲሉኝ "አዎ" አልኳቸው። ምን ልበል? እኛ ቤት አንዲት መኪና አረንጓዴ ቀለም ስለተቀባች እህቴ ጠፋች ብላቸው፣ የሚጠረጥሩት ሳንባዬን ሳይሆን ጭንቅላቴን ነው።

መኪናዋ የነበረችው ሰቆጣ፣ ከድንጋይ ቤታችን ጀርባ፣ በቁልቋል አጥሩና በማሽላ አገዳው ክምር መካከል ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያ ስለቆመች፣ ልጅ ሆኜ እንደ ጓሮው ቋጥኝ ከመሬት አብራ የወጣች ነበር የሚመስለኝ። አባቴ በንጉሡ ዘመን የአንድ ባላባት ሾፌር ነበር። ባላባቱ ደርግ እንደገባ ሞቱ፤ ሚስታቸው ወደ ደሴ ሲሰደዱ ቤንዚን ስላልነበረ "አንተ ታውቃታለህ፤ አንተው ጋ ትሁን" ብለው መኪናዋን ለአባቴ ትተውለት ሄዱ። ሊብሬዋ ከባላባቱ ቤት ጋር ተቃጥሏል። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ዋሻ ሲሮጥ፣ አባቴ ቅጠልና አገዳ እያመጣ መኪና ሲያለብስ ይቆይ ነበር ትላለች እናቴ፣ ግማሹን በኩራት ግማሹን በንዴት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ በሕመም ሞተ። እኔ የማስታውሰው ጢሙን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሁን አይቼ እንጃ።

ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። ቡሬ ይላት ነበር፣ እንደ በሬ፤ ምክንያቱም አካሏ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጎንና ጎኗ ነጣ ባለ ቢጫ የተሸነሸነ ነበረ። ጎኗ እንጨት ነው። እንጨት ይመስል ነበር ልበል፤ የእንጨት ክርና የእንጨት ጉጥ ሳይቀር ይታይበታል፣ በጣት ሲነካ ግን ይቀዘቅዛል። አፍንጫዋ ትልቅ፣ ዓይኖቿ ክብ፣ ፊቷ የተቀየመች አሮጊት ይመስላል። በበጋ ፀሐይ ሲመታት ከውስጧ የሚወጣውን ሽታ ዛሬም ከሺህ ሽታ እለየዋለሁ፦ የጋለ ላሜራ፣ ያረጀ ቆዳ፣ የዶሮ ላባ፣ ከወንበሩ ሆድ የሚያፈተልክ የፈረስ ጭራ የመሰለ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተኝቶ የኖረ ዘይት። ዶሮዎቻችን የሚጥሉት የኋላ ወንበሯ ላይ ነው። እንቁላል አምጪ ስባል እንደ እመቤት በር ከፍቼ ገብቼ፣ በር ዘግቼ እወጣ ነበር።

እህቴ ታደሉ ሾፌር፣ እኔ ረዳት ነበርን። እሷ ከእኔ ብዙ ትበልጠኛለች፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ክርክር አልነበረም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን በመስኮት አውጥታ በሌለ መንገድ ላይ የሌለ አህያ ትሳደባለች፤ እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ "ኮረም! ኮረም! አላማጣ! ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!" እላለሁ። ተሳፋሪዎቻችን ዶሮዎች ናቸው፤ ሒሳባቸውን በእንቁላል ይከፍላሉ። ታደሉ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የምታወራው ስለ መሄድ ብቻ ነበር፤ የት እንደምትሄድ ግን ለራሷም ገብቷት አያውቅም። እኔም ብሆን መቀመጥ የማልችል ፍጥረት ነኝ፣ ትምህርት ቤት ስንቴ ተገርፌበታለሁ፤ በዚያች በማትንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያለ ቁንጥንጥ እቀመጥ ነበር።

መኪናዋ የየት አገር ናት የሚለው የሰፈሩ የዘወትር ክርክር ነበር። ጎረቤታችን መምሬ ካሳ ጣሊያን ጥሏት የሸሸ ናት ባይ ናቸው። ሌላው የእንግሊዝ ናት ይላል። አናጢው አያ ሞላ ደግሞ "ራሽያ ናት፤ ራሽያ ካልሆነች እንዲህ አትከብድም" ብሎ ትከሻውን ያስደግፍባታል። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ሲጠየቅ "የጌታዬ ናት" ብሎ ያልፍ ነበር አሉ፤ እሱ ካለፈ በኋላ የሚያውቅ አልተገኘም። ፊቷ ላይ ተለጥፎ የነበረው ስሟ ረግፏል፤ የቀሩት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፣ ተርብ የሚገባባቸው።

ታደሉ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቀች። የሰፈራችን ልጃገረዶች አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር መውጣት የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ደላላው አላማጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ በረሃ፣ ከዚያ ባሕር። ከሄዱት ውስጥ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ያሠራች አለች፤ ድምጿ የጠፋም አለች። ሰው የሚያወራው ግን ስለ ቆርቆሮው ነው። ታደሉ "እሄዳለሁ" አለች። እናቴ "መጀመሪያ እኔን ቅበሪ" አለች።

"እሺ እማየ፣ እዚህ ቀርቼ ምን ልሁን? ዶሮ? ቡሬ ውስጥ ገብቼ እንቁላል ልጣልልሽ?"

እናቴ አኮረፈቻት። ከብዙ ቀን ኩርፊያ በኋላ የቀረው የመጨረሻ ነገር ትዝ አላት። ቡሬ ትሸጥ፤ ገዢ ከተገኘ በገበያው ዳር ሱቅ ይከፈትልሻል፤ ገዢ ከጠፋ ግን አፌን ይዤ እሸኝሻለሁ አለች። ታደሉ ተስማማች፤ ቀጠሮውም መስቀል ሆነ። እስከ መስቀል ቡሬ ካልተሸጠች ትሄዳለች። እኔ የዚያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የእህቴ ዕድሜ በአንድ አሮጌ ብረት ላይ መንጠልጠሉ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም። እኛ ቤት ሌላ የሚንጠለጠልበት ነገር አልነበረም።

ወሬውን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነገርነው፤ ሾፌሩም ወሬውን ይዞ ወረደ። ግንቦት ላይ ያው ሾፌር አቶ ሰሎሞን የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ይዞ መጣ። አሮጌ መኪና ይሰበስባል ተባለ። አሮጌ ነገር የሚሰበስብ ሀብታም ሰምተን ስለማናውቅ መጀመሪያ የመንግሥት ሰው መሰለን። የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ በዚያ ነጭ ሸሚዝ መሬት ላይ ተንጋሎ ከቡሬ ሆድ ሥር ሲገባ፣ እናቴ "ኧረ ምንጣፍ! አንቺ ልጅ፣ ምንጣፍ አምጪ እንጂ!" እያለች ጮኸች። ሲወጣ ትከሻው የዶሮ ኩስ፣ ፊቱ ደግሞ ፀዳል ብቻ ነበር። ከኪሱ ማግኔት አወጣና በሮቿን፣ ጣሪያዋን፣ ጭቃ መከላከያዎቿን አንድ በአንድ ነካካ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ የተሰበረ ቦታ በስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው፣ አለን ሾፌሩ። ማግኔቱ ሁሉም ቦታ ያዘ። ከዚያ ኮፈኑን አስከፈተ። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ፣ እኛ ዝገት ነው ብለን የተውናትን መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ በምራቁ አርሶ በመሐረቡ ጠረጋትና፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበባት።

"ዊሊስ!" አለ። "ዊሊስ ናት! ቶሌዶ የምትባል ከተማ የተሠራች፣ አሜሪካዊት!"

በአጥሩ ላይ ግማሽ ሰቆጣ ተንጠልጥሎ ነበር። "አሜሪካ!" የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ገበያ ድረስ ወረደ። መምሬ ካሳ ብቻ "አሜሪካም ብትሆን፣ ጣሊያን ሠርቶ ሸጦላት ይሆናል" ብለው ክርክራቸውን ሳይለቁ ቀሩ። ሰውዬው የጎኗን እንጨት እየዳሰሰ፣ ድሮ እንዲህ ያለች መኪና በእውነተኛ እንጨት ትሠራ እንደነበር፣ በኋላ ብረቱን እንጨት አስመስለው መቀባት እንደጀመሩ ነገረን። እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ "እኛ የምናነደው እንጨት አጥተናል፣ እነሱ ብረቱን እንጨት ያደርጉታል!" አለች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሰውዬው ወደ ሾፌሩ ዞሮ "ቀለሟ የተወለደችበት ነው፤ የሰው እጅ አልነካትም" አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ታደሉ በጆሮዬ "ድህነታችንን አወቀብን" አለችኝ። የማትቀባ፣ የማትታደስ፣ የሰው እጅ ያጣች፤ በእኛ ጆሮ ይህ ሐዘኔታ እንጂ ሙገሳ አልነበረም።

ሲሰናበት የእናቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "እማማ፣ በቃ ወስጃታለሁ። አሁን ዝናቡ ስለደረሰ መንገዱ አያስወጣኝም፤ ክረምቱ ሲያልፍ የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም አይድከሙ፣ ምንም እንዳይነኳት። እንዳለች ትቀመጥልኝ።"

"እሺ ጌታዬ፣ እሺ" አለች እናቴ፣ ጎንበስ ብላ።

ይህን ነገር ለደቡብ ሰውም ለከተማ ሰውም አስረድቼ አልተሳካልኝም፤ ግን ልሞክር። በእኛ አገር እንግዳ "አትድከሙ" ካላለ ባለጌ ነው። ባለቤት "እሺ" ብሎ ካልደከመ ደግሞ ከሱ የባሰ ባለጌ ነው። "ጠግቤያለሁ" የሚል ሰው ድጋሚ ይጎረሳል፤ "ልሂድ" የሚል በነጠላው ጫፍ ይጎተታል፤ "ምንም አልፈልግም" ብሎ የገባ ሰው ምንም ሳይቀርብለት ቢወጣ ቤቱ ለትውልድ ይታማል። ሰው የሚፈልገውን በአፉ አይናገርም፤ እንዲገባን ነው የሚጠብቀው። እናቴ ያን ቀን ማታ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "ጨዋ ሰው ነው። አትንኳት አለ እኮ!" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ታደሉ ሱቋን በልቧ ሠርታ ጨረሰች። ቦታውን ከጨው ሻጮቹ ጎን መረጠች፤ ሳሙናው ከላይ፣ ላምባው ከታች፣ የፀጉር ቅባቱ ልጃገረድ ሁሉ በሚያይበት ፊት ለፊት ይሆናል። የዚያን ዓመት ሻደይ ላይ ወገቧን ሣር ታጥቃ ከእኩዮቿ ጋር ቤት ለቤት ስትጨፍር፣ መሄድ የቆረጡት ሦስቱ ጓደኞቿ "ባለ ሱቋ! ዱቤ ትሰጫለሽ?" እያሉ ያበሽቋት ነበር። እሷም "ለዓረብ ገረድ ዱቤ የለም!" ብላ ትመልሳለች። ይሳሳቃሉ። አቤት ያ ሳቅ።

መስከረም እንደገባ ሰውዬው በዚያው ሾፌር መልእክት ላከ፤ ከመስቀል በፊት እመጣለሁ አለ። እናቴ በማግሥቱ ሰፈሩን ጠራች። "በሬ እንኳ ለገበያ ሲወጣ ይታጠባል፣ ቀንዱ ቅቤ ይቀባል። የባሌን መኪና ቆሻሻዋን ይዛ ላስረክብ?" አለች። ማንም "ኧረ ተይ" ያለ የለም። ማን ይላል? መምሬ ካሳ ሳይቀሩ ቆባቸውን አውልቀው መጡ።

እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ኖሮኝ አያውቅም፤ የሚያስጠላኝም ይኸው ነው። ሴቶቹ በወንዝ አሸዋና በአመድ ፈተጓት። እንጨት መሳዩ ቀለም እየተላጠ፣ ቢጫ ውኃ ሆኖ በጓሮው ቁልቁል ወረደ፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ረገጡበት። ወንዶቹ የተጎረበጠውን በመዶሻ አቀኑ። የተቦጨቀው ወንበር ተገፎ በላዩ የአበርገሌ ፍየል ቆዳ ተሰፋ። ጎማዎቿ የሊስትሮ ቀለም ተቀቡ። ከዚያ አያ ሞላ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ከቀባበት የተረፈውን አረንጓዴ በናፍጣ አቅጥኖ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ እስከ ቸርኬዋ ድረስ ቀባት። ያቺን ሰውዬው ያነበባትን ቆርቆሮ ማንም እንዲነካት አልተፈቀደም፤ የክብሯ ቦታ እሷ ናትና ለባለ ጉዳይዋ ለታደሉ ተሰጠች። ታደሉ ኮፈኑ ውስጥ ግማሽ አካሏን ቀብራ፣ በሎሚና በአመድ፣ በኋላም በሽቦ፣ ላቧ እስኪንጠባጠብ ፈተገቻት። ስትጨርስ ጠራችኝ። "ነይ እይ፣ ጥርሴ ይታያል!" አለችኝ። እውነትም ይታይ ነበር። ቆርቆሮዋ መስታወት ሆናለች፤ ከጥርሷ በቀር ምንም አይታይባትም።

አቶ ሰሎሞን በጭነት መኪናው ጋቢና ተቀምጦ መጣ። ጓሮ ድረስ በእልልታ አስገባነው። ከቡሬ ፊት ቆመና ግራ ቀኝ አየ።

"መኪናዋስ?" አለ።

እናቴ በደስታ አጨበጨበች። "አላወቋትም! አላልኳችሁም? አያውቃትም አላልኩም?"

ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም። በጥፍሩ በሩን ጫር አደረገ፤ አረንጓዴው ገና በደንብ ስላልደረቀ በጥፍሩ ተያዘ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ቆርቆሮዋ ላይ የገዛ ፊቱን አየ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እንሰዳደብና ይወጣልን ነበር።

"ቀለሙ ካልተስማማዎት" አለች እናቴ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይወርድ፣ "አያ ሞላ በፈለጉት ይቀባታል።"

"እማማ፣ እኔ የፈለግኩት ያንን አሮጌውን ነበር። እሱ አንዴ ከተላጠ በምንም አይመለስም። ሊብሬ የላትም፤ ምንነቷን የሚመሰክርላት ያ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አሁን ብወስዳት ብረት ነው የምወስደው።"

"አሮጌ ከሆነ የፈለጉት ምነው ሳይነግሩን?"

"ነግሬዎት ነበር እኮ።"

እናቴ ሲከፋት አማርኛው ይጠፋታል። በኽምጣኛ አንድ ነገር አለች፣ ቀስ ብላ፣ መኪናዋን እያየች። ሰውዬው ታደሉን "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቃት። ታደሉ "ምሳ ቀርቧል እያለች ነው" አለችው። እናቴ ያለችው እንዲያ አልነበረም። "ባሌን ዛሬ ገደልኩት" ነው ያለችው። ሰውዬው ገብቶ ጥቂት ቀመሰ፤ ጠግቤያለሁ ሲል ማንም ደግሞ አላጎረሰውም። የጭነት መኪናው ባዶውን እየተንኳኳ ወረደ።

ታደሉ እናቴን አንዲት ቃል አልወቀሰቻትም። በመስቀል ማግሥት፣ ወደ አላማጣ ፍየል በሚጭን አይሱዙ ላይ፣ ከሦስቱ ጓደኞቿ ጋር ወጣች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ስለነበር የሸኘኋት እኔ ነኝ። ፍየሎቹ መሃል ቆማ የረጅሙን ፍየል ቀንድ ይዛ ነበር፣ እንዳትወድቅ። መኪናው ሲነሣ "ትምህርትሽን ካቋረጥሽ ተመልሼ ነው የምገርፍሽ" አለችኝ። አላቋረጥኩም። አሥራ ሁለተኛ ድረስ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ የሚገርፈኝ ግን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደውላለች። ከቴሌ ሰው ተልኮ እናቴ ነጠላዋን ሳታገኝ ሮጠች፤ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። "ባሕሩን አየሁት" አለችኝ፣ "ሲያወሩት ነው እንጂ ያን ያህልም አይደል።" ቀጥላ "ለእማየ፣ አረንጓዴው አምሮባት ነበር በያት" አለች። እናቴ ስትደርስ ስልኩ ተቋርጧል። ከሦስቱ ጓደኞቿ አንዲቷ ሪያድ እንዳለች ሰምተናል፤ እሷም ጀልባው ሁለት ነበር፣ ሲጨልም ተለያየን ከማለት በቀር የምታውቀው የለም።

ቡሬን ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች በመጥረቢያና በመዶሻ በታትነው ወሰዷት። አባቴ ከአውሮፕላን ደብቆ ያተረፋትን እኛ በፍቅር ፈትገን ጨረስናት። ሰው ሲሞትብን እንዴት እንደሚለቀስ እናውቃለን፤ ድንኳኑም፣ ሙሾውም፣ ተዝካሩም ሥርዓት አለው። ሰው ሲጠፋ ግን ሥርዓት የለውም። ድንኳን ብትጥል እናቴ ልጇን በገዛ እጇ መግደሏ ነው፤ ባትጥል ደግሞ ነፍሷን ያለ ጸሎት ማንከራተቷ ነው። ለዚህ ለዚህ የሚሆን ቃል አንድ ሰው እንኳ አላወጣልንም።

ባለፈው ፍልሰታ ሰቆጣ ሄጄ፣ እናቴን ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። በእጇ ጧፍ ይዛለች። መምሬ ካሳ አርጅተዋል፤ በበሩ አጠገብ ቆመው በጸሎት የሚጠሩ ስሞችን ከሰው ይቀበላሉ። የእናቴን ጧፍ ተቀበሏትና የታደሉን የክርስትና ስም ራሳቸው አስታውሰው ተናገሩት፣ ወለተ ማርያም፣ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከሕያዋን ጋር ልጥራት፣ ከሙታን ጋር?"

እናቴ እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ አየች። ከኋላችን ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ አንዲት ሴት ሕፃኗን እያባበለች ትጠብቃለች። መምሬ ካሳ አላጣደፏትም።

"ዛሬ ይለፏት፣ አባቴ" አለች። ጧፉን ሲመልሱላት ግን አልተቀበለችም።